ለአንጋፋ የፉቲ ጋዜጠኛ የዘገባ ሐሳብ እንዴት ይቀርባል?

ሜልበርን ውስጥ ስለ ፉቲ የሚጽፍ አንጋፋ ጋዜጠኛ ወሬ አያጥረውም። የክለብ ቃል አቀባይ ይደውልለታል፤ የተጫዋች ወኪል መልእክት ይልክለታል፤ የቀድሞ አሠልጣኝ ቡና ይጋብዘዋል፤ ታክሲ ሲሳፈር እንኳ ሾፌሩ ስለ ቡድኑ ያለውን ቅሬታ ሳይነግረው አያወርደውም። የሚያጥረው ሌላ ነገር ነው፦ ራሱ ስልክ ደውሎ ሊደርስበት ያልቻለው፣ ከተነገረው በኋላ ግን ሊያረጋግጠው የሚችለው ጉዳይ። የዘገባ ሐሳብ ይዞ ወደ እንዲህ ያለ ሰው የሚሄድ ሁሉ፣ የሰፈር ቡድን አስተባባሪም ይሁን ጀማሪ ጸሐፊ ወይም የበጎ አድራጎት ድርጅት ሠራተኛ፣ ብዙውን ጊዜ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ልብ የሚነካ ታሪክ ይዞ ይሄዳል፤ ማረጋገጫው ግን በእጁ የለም። ማረጋገጫ የሌለው ታሪክ ለጋዜጠኛው የሥራ ጫና እንጂ ስጦታ አይሆንለትም።

ይህ ጽሑፍ ነገሩ በአውስትራሊያ፣ በተለይም በቪክቶሪያ ግዛት፣ እንዴት እንደሚሠራ ያብራራል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታውና ጋዜጣው

ለማያውቀው አንባቢ በአጭሩ ልግለጸው። ፉቲ የአውስትራሊያ ደንብ የሚባለው እግር ኳስ ነው። ኳሱም ሜዳውም ሞላላ ናቸው። ከየቡድኑ 18 ተጫዋቾች ሜዳ ይገባሉ። ኳሱን በእግር መምታትም በእጅ መያዝም ይፈቀዳል፤ ለጓደኛ በእጅ ሲሰጥ ግን በጡጫ ተመትቶ እንጂ ተወርውሮ አይደለም። በሁለቱ ረጃጅም ቋሚዎች መካከል በእግር ተመትቶ ያለፈ ኳስ 6 ነጥብ፣ ከእነርሱ ግራና ቀኝ ባሉት አጫጭር ቋሚዎች በኩል ያለፈ ደግሞ 1 ነጥብ ያስገኛል። ከፍተኛው ሊግ ኤኤፍኤል 18 ክለቦች አሉት፤ 19ኛው የታዝማኒያ ክለብ በ2028 እንዲቀላቀል ታቅዷል። በቪክቶሪያ ከፍጻሜው ጨዋታ በፊት ያለው ዓርብ ከ2015 ጀምሮ የሕዝብ በዓል ሆኖ ሥራ ይዘጋል፤ ለኳስ ብሎ ሥራ የሚዘጋ ግዛት ስለ ኳስ ምን ያህል እንደሚያነብ መገመት አያስቸግርም።

ጋዜጠኞች ወደዚህ ጨዋታ የመጡት ዘግይተው አይደለም። ጁላይ 10 ቀን 1858 ቶም ዊልስ የተባለ የክሪኬት ተጫዋች «ቤልስ ላይፍ ኢን ቪክቶሪያ» ለተባለ ጋዜጣ የጻፈው ደብዳቤ ታትሞ ወጣ። ክሪኬት በማይኖርበት ክረምት ተጫዋቾች ሰውነታቸው እንዳይዝል የእግር ኳስ ክለብ ይቋቋም፣ ደንብ የሚያወጣ ኮሚቴም ይሰየም የሚል ነበር። ወቅቱን የጠበቀ፣ ምን መደረግ እንዳለበት ለይቶ የሚናገር፣ ማን ሊያደርገው እንደሚችልም የሚጠቁም ደብዳቤ ነው፤ ዛሬ ቢላክም አርታኢ እስከ መጨረሻው የሚያነበው ዓይነት። በሚቀጥለው ዓመት ሜይ 17 ቀን የሜልበርን ክለብ የመጀመሪያውን ደንብ ጻፈ። ካረቀቁት ሰዎች መካከል ዊሊያም ሐመርስሊና ጄምስ ቶምፕሰን ጋዜጠኞች ነበሩ። እንግዲህ በዚህ ስፖርት ጋዜጠኛው ከዳር ቆሞ የሚያይ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ ከሚዘግባቸው ሰዎች ጋር አብሮ ያደገ፣ አብሮ የሚበላ፣ አንዳንዴም የሚዛመድ ነው።

ካሮላይን ዊልሰን ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናቸው። በ1982 ጨዋታውን በሙሉ ጊዜ የዘገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። አባታቸው የሪችመንድ ክለብ ፕሬዚዳንት ነበሩ። በኋላ በ«ዘ ኤጅ» ጋዜጣ ዋና የፉቲ ጸሐፊ ሲሆኑ፣ የክለብ ፕሬዚዳንቶች ምን እንደሚፈሩና መቼ እንደሚዋሹ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያዩ ሰው ነበሩ። በ2013 የኤሰንደን ክለብ ለተጫዋቾቹ ያስወጋቸው ንጥረ ነገሮች ጉዳይ ሲፈነዳ ያ ሁሉ ዕውቀት ሥራ ላይ ዋለ። ክለቡ 2 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፤ ከዚያው ዓመት የፍጻሜ ዙር ውድድርም ታገደ። በጃንዋሪ 2016 ደግሞ ዓለም አቀፉ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት 34 የቀድሞና የወቅቱ ተጫዋቾችን አገደ። አንድ ጉዳይ ሦስት ዓመት ዘለቀ ማለት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ጉዳዩን የተከታተለ ጸሐፊ የስልክ ማውጫው ብቻ ሳይሆን ትዝታውም የሥራ መሣሪያው ነው፤ ማን በየትኛው ዓመት ምን ብሎ እንደነበር ያስታውሳል።

ከዚህ ለሐሳብ አቅራቢው የሚተርፈው ነገር ግልጽ ነው። እንዲህ ላለው ሰው ጨዋታውን አታስተምረውም። «እንደሚያውቁት ፉቲ በወጣቶች ሕይወት ውስጥ ትልቅ ሚና አለው» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ ሁለተኛው መስመር ላይ ይቀራል። በአንድ ስልክ ሊጣራ የሚችልን ነገርም አትደብቀውም፤ እርግጠኛ ሁን፣ ይደውላል።

ጥቆማ ነው ወይስ ጽሑፍ?

ሰዎች የሚያምታቷቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው «ይህን ጉዳይ ዘግበው» ማለት ነው፤ ይህ ጥቆማ ነው፣ የሚሄደውም ወደ ጋዜጠኛው ነው። ሁለተኛው «ይህን ጉዳይ እኔ ልጻፈው» ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ የሥራ ጥያቄ ስለሆነ የሚሄደው ወደ ስፖርት አርታኢው ነው። አንጋፋው ጸሐፊ ገጽ የመደልደል ሥልጣንም ሆነ ለሌላ ጸሐፊ የሚከፍለው በጀት የለውም። የራሱን ጽሑፍ ለማሳተም የሚፈልግ ወጣት ለታዋቂው ጸሐፊ ሲልክ፣ ጸሐፊው ቅን ከሆነ ወደ አርታኢው ያስተላልፍለታል፤ ካልሆነ ደብዳቤው በዚያው ይቀራል። አንዳንዶች ሐሳባቸው ተወስዶ በሌላ ስም እንዳይወጣ ይሰጋሉ። ስጋቱ ከንቱ ባይሆንም መድኃኒት አለው፦ ለሐሳቡ ቁልፍ የሆነውን ሰው ወይም ሰነድ የያዝከው አንተ ከሆንክ ያለ አንተ ብዙ ርቀት መሄድ ያዳግታል። ባዶ ሐሳብ ግን በማንም ሕግ አይጠበቅም።

ስለ መድረኩም ማወቅ ይገባል። ዛሬ አንድ አንጋፋ የፉቲ ጋዜጠኛ ጠዋት ለጋዜጣ ይጽፋል፣ ቀን ሬዲዮ ላይ ያወራል፣ ማታ ቴሌቪዥን ላይ ከሌሎች ጋር ተቀምጦ ይከራከራል። አንተ የሙሉ ገጽ ዘገባ አስበህ የሰጠኸው ጉዳይ ሰኞ ማታ በቴሌቪዥን የግማሽ ደቂቃ ወሬ ሆኖ ሊያልቅ ይችላል። ይህ እንዳይሆን ከፈለግህ ከመስጠትህ በፊት ተናገር፤ ከሰጠህ በኋላ መቆጣት ዋጋ የለውም።

የትኛው ቤት የማን እንደሆነ ማወቅም ይጠቅማል። «ዘ ኤጅ» የናይን ኩባንያ ነው፤ «ሄራልድ ሰን» የኒውስ ኮርፕ። ሁለቱ በአንድ ከተማ ለረጅም ጊዜ የቆዩ ባላንጣዎች ስለሆኑ አንዱን ታሪክ ለሁለቱም በአንድ ቀን መላክ ሁለቱንም ማጣት ነው። ከ2025 እስከ 2031 ጨዋታውን በምስል የማስተላለፍ መብቱን የቴሌቪዥን ኩባንያዎቹ ሰቨንና ፎክስቴል ከስልክ ኩባንያው ቴልስትራ ጋር ሆነው በ4.5 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ውል ይዘውታል። ሊጉ ራሱም ከ2012 ጀምሮ የራሱ የዜና ክፍል አለው። በዚያ የሚሠሩት ሰዎች ነፃ ሆነው እንደሚጽፉ ይናገራሉ፤ ብዙዎቹም ጎበዝ ዘጋቢዎች ናቸው። ሆኖም ሊጉን የሚከስስ ሰነድ ቢኖረኝ መጀመሪያ የምወስደው ደመወዛቸውን ሊጉ ወደሚከፍላቸው ሰዎች አይሆንም።

መቼ?

የፉቲ ዓመት የራሱ ወቅቶች አሉት። ውድድሩ ማርች ላይ ይጀምርና በሴፕቴምበር መጨረሻ በሜልበርን ክሪኬት ሜዳ፣ ወደ 100,000 ሰው ፊት፣ ይጠናቀቃል። የፍጻሜው ሳምንት ሰኞ ማታ ከ1924 ጀምሮ ለዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚሰጠው የብራውንሎ ሜዳሊያ ድምፅ ይቆጠራል። ኦክቶበር ክለቦች ተጫዋች የሚለዋወጡበት ነው፤ ኖቬምበር ላይ የአዳዲስ ወጣቶች ምልመላ ይካሄዳል። በሴፕቴምበርና በኦክቶበር የማኅበረሰብ ታሪክ መላክ ሠርግ ቤት ገብቶ ስለ መብራት ክፍያ እንደ ማውራት ነው፤ የሚሰማህ የለም።

ከምልመላው በኋላ እስከ ፌብሩዋሪ ግን ገጹ ይራባል። በዚያ ጊዜ ጋዜጦቹ «እገሌ በልምምድ ላይ ጎልቶ ታየ» በሚል ዜና ይሞላሉ፤ ደጋፊዎች ራሳቸው የሚስቁበት ዓመታዊ ልማድ ነው። እውነተኛ ጉዳይ ያለው ሰው ቢያንኳኳ በሩ የሚከፈተው ያኔ ነው።

በሳምንት ውስጥም እንደዚሁ። ቅዳሜና እሑድ ጨዋታ አለ። ሰኞና ማክሰኞ የዲሲፕሊን ክሶችና የጨዋታው ትንተና ይነግሣሉ። ሐሙስ ማታ አሰላለፍ ይወጣል። በእኔ ግምት ረቡዕ ጠዋት የተሻለ ነው። ሌላው የጊዜ ወጥመድ ልዩ ዙሮቹ ናቸው። ለአቦርጂናልና ለቶረስ ስትሬት ደሴቶች ሕዝቦች መታሰቢያ የሚሆነው የሰር ዳግ ኒኮልስ ዙር ሲደርስ ስለ ነባር ሕዝብ ተጫዋቾች የሚላከው ሐሳብ ይጎርፋል፤ የጦር ሜዳ ሰለባዎች በሚታሰቡበት በአንዛክ ቀን ሰሞንም ስለ ወታደር አያቶች። የአንተ ታሪክ በዚያ ጎርፍ ውስጥ እንዳይሰጥም ወይ ከወር በፊት ላከው፣ ወይም ከዙሩ ጋር ፈጽሞ አታያይዘው።

ደብዳቤው ራሱ

እኛ ደብዳቤ ስንጽፍ ሰላምታ እናስቀድማለን፣ የጤና ሁኔታ እንጠይቃለን፣ ክብር እንሰጣለን፣ ከዚያ ጉዳዩን በትሕትና እናቀርባለን። ደስ የሚል ልማድ ነው። አውስትራሊያዊ ጋዜጠኛ ግን በመጀመሪያ ስሙ ይጠራል፤ ማዕረግ አይጠብቅም፤ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጉዳዩን ካልያዘ ደግሞ ሁለተኛውን አያነብም። ሰባ ዓመት የሞላውን ሰው በስሙ ብቻ መጥራት ለእኛ ይከብዳል፤ ቢሆንም ክብር የሚገለጸው ጊዜውን ባለማባከን ነው።

የሚከተለው የተለመደው ዓይነት ነው፦ «በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ቡድናችን በስደተኛ ወጣቶች ላይ በርካታ አኩሪ ተግባራትን እያከናወነ ስለሚገኝ ዘገባ እንዲሠራልን እንጠይቃለን።» አንጋፋው ይህን ስንት ጊዜ አንብቦታል! ካርቱም የተወለደው ማጃክ ዳው በ2013 ለኖርዝ ሜልበርን በከፍተኛው ሊግ ሲሰለፍ፣ ከሱዳን የመጣ የመጀመሪያው ተጫዋች መሆኑ በእርግጥ ዜና ነበር። ከዚያ ወዲህ ከአፍሪካ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች በብዙ ክለቦች ይጫወታሉ። «ስደተኛ ልጅ ፉቲ ወደደ» የሚለው ነገር መኖሩ ደስ ያሰኛል፤ ዜና መሆኑ ግን አብቅቷል።

ዜና የሚሆነው የተለወጠ፣ የተከለከለ፣ የተጣሰ ወይም የማይጠበቅ ነገር ነው። የምዕራብ ሜልበርኑን ሰፈር ፉትስክሬይን እንውሰድ። በኒኮልሰን መንገድ አካባቢ ካሉት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ተነስቶ የዌስተርን ቡልዶግስ ክለብ መቀመጫ እስከሆነው ዊተን ኦቫል በእግር መድረስ ይቻላል። በዚያ ሰፈር የሚኖር አንድ አባት የልጁ ቡድን ችግር ገጥሞት ለጋዜጠኛ ጻፈ እንበል። ነገሩ ምናባዊ ነው፤ ደብዳቤው ግን እንዲህ ቢሆን ይሠራል፦

«የምዕራብ ሜልበርን አንድ የልጃገረዶች ቡድን አስተባባሪ ነኝ። የአካባቢው ምክር ቤት ባለፈው ዓመት ለሜዳችን መብራት ገንዘብ መድቦ ነበር፤ በዘንድሮው በጀት ግን ያ መስመር ጠፍቷል። ሁለቱም ሰነዶች ለሕዝብ ክፍት ናቸው፤ ገጾቹን ምልክት አድርጌ አያይዣለሁ። በክረምት የምንለማመደው በወላጆች መኪና የፊት መብራት ነው፤ ሐሙስ ማታ መጥተህ ማየት ትችላለህ። ሁለት እናቶች በስማቸው ለመናገር ፈቅደዋል። ምክር ቤቱን ገና አልጠየቅሁም። ልጄ በቡድኑ ውስጥ ትጫወታለች፤ ጥቅሜ ይኸው ነው። ለሌላ ጋዜጠኛ አልላክሁም፤ እስከ መጪው ሰኞ እጠብቅሃለሁ።»

እዚህ ውስጥ ስለ ፉቲ ፍቅር አንድም ቃል የለም። የተለወጠ ነገር አለ፤ ከሁለት ሰነድ የሚነበብ። ፎቶ አንሺ የሚላክበት ቦታና ቀን አለ። በስማቸው የሚናገሩ ሰዎች አሉ። ያልተደረገው ነገርም ተነግሯል፦ ምክር ቤቱ ገና አልተጠየቀም፤ ያ የጋዜጠኛው ድርሻ ነው፣ መጠየቁንም ራሱ ይመርጣል። የጸሐፊው ጥቅም ሳይጠየቅ ተገልጿል። ብቸኛ ዘገባ እንደሚሆን ተነግሮ የጊዜ ገደብም ተቆርጦለታል፤ ያለ ገደብ የተሰጠ ብቸኛ ዘገባ ለሦስት ወር ኪስ ውስጥ ሊተኛ ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጆች ካሉበት፣ ፎቶም ሆነ ስም ከመውጣቱ በፊት የወላጆች ፈቃድ ያስፈልጋል። ጋዜጠኛው ሐሙስ ማታ ሜዳ ደርሶ ፈቃድ መለመን ከጀመረ ምሽቱ አለቀ።

ስም ሳይጠቀስ

ከሁሉም የሚከብደው ክፍል ይህ ነው። የክለብ ሠራተኛ፣ የተጫዋች ዘመድ፣ የቀድሞ ተጫዋች፣ ሁሉም በአንድ ትንሽ ዓለም ውስጥ ይኖራሉ፤ ማን እንደተናገረ ለመገመት ብዙ አያስቸግርም። ስለዚህ «ስሜ አይጠቀስ» የሚለው ቃል ከንግግሩ በኋላ ሳይሆን በፊት መነገር አለበት። የነገርከውን ከጨረስክ በኋላ «ይህ በመካከላችን ይሁን» ብትል ጋዜጠኛው እሺ የማለት ግዴታ የለበትም። እሺታውም ዝርዝር ይፈልጋል። የተናገርከው እንዲታተም ሆኖ ስምህ ብቻ እንዲቀር ነው የምትፈልገው? «ለክለቡ ቅርብ የሆነ ሰው» ተብሎ ቢጻፍስ ትስማማለህ? ወይስ ጨርሶ እንዳይታተምና ሌላ ቦታ ለማጣራት ብቻ እንዲጠቀምበት? አንዱ ጋዜጠኛ «ከመዝገብ ውጪ» ሲል የሚረዳው ሌላው ከሚረዳው ጋር ላይገጥም ይችላል፤ ስለዚህ አባባሉን ትተህ የምትፈልገውን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናገር።

የአውስትራሊያ ጋዜጠኞች ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብ በዚህ ላይ ሁለት ነገር ይላል። ጋዜጠኛው ምስጢር ለመጠበቅ ቃል ከገባ በማንኛውም ሁኔታ እንዲያከብረው ይጠይቃል። ከመግባቱ በፊት ግን የምንጩን ፍላጎት እንዲመዝንና በስሙ የሚናገር ሌላ ምንጭ እንዳለ እንዲያስብ ያዝዘዋል። አንጋፋው «ይህን ለምን ነገርከኝ?» ብሎ ሲጠይቅህ ሊያዋርድህ አስቦ ሳይሆን ሥራው ስለሆነ ነው። ኦክቶበር ላይ አንድ ተጫዋች ክለብ ሊለቅ ነው የሚል ወሬ የሚያቀብለው ወኪል ዋጋ እያስወደደ ሊሆን ይችላል፤ የሚያስተባብለው ክለብም ዋጋ እያረከሰ። ሠላሳ ዓመት በዚህ ገበያ የኖረ ሰው ሁሉም ሻጭ ቢመስለው አይፈረድበትም። ጥቅምህን አስቀድመህ ከነገርከው ግን ያ ጥርጣሬ ግማሹ ይወድቃል።

ሕጉም አለ። በቪክቶሪያ ከ2013 ጀምሮ ምስጢር ለመጠበቅ ቃል የገባ ጋዜጠኛ ምንጩን እንዲገልጥ እንዳይገደድ የማስረጃ ሕጉ ይከላከልለታል። ሆኖም ፍርድ ቤት የሕዝብ ጥቅም ያመዝናል ብሎ ካመነ ከለላውን ሊያነሳ ይችላል፤ ፍጹም ጋሻ አይደለም። ደግሞም ሰዎች የሚጋለጡት በአብዛኛው በፍርድ ቤት አይደለም። ከክለቡ የኢሜይል አድራሻ ጽፈው፣ በመሥሪያ ቤት ስልክ ደውለው፣ ወይም ሦስት ሰው ብቻ የሚያውቀውን ነገር ቃል በቃል ተናግረው ነው።

እጅ የሚያቃጥሉ ሰነዶች

በ2006 በሊጉ የዕፅ ምርመራ ተገኘባቸው የተባሉ ሦስት ተጫዋቾች ስም በጋዜጠኞች እጅ ገባ። በኢንተርኔት ላይም ተሰራጭቶ ነበር። ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበር የጋዜጣ ኩባንያዎቹን ከሰሱ፤ የቪክቶሪያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ስሞቹ እንዳይታተሙ አገደ። ክርክሩ ትምህርት አለው፦ በየኢንተርኔቱ መወራቱ ምስጢርነቱን አላስቀረውም። «ሁሉም ያውቀዋል» የሚለው የጠቋሚዎች ተወዳጅ አባባል በፍርድ ቤት ብዙ ርቀት አይሄድም።

በሚቀጥለው ዓመት የባሰው መጣ። በኦገስት 2007 ሰቨን ቴሌቪዥን የሁለት ተጫዋቾችን የሕክምና መረጃ መሠረት ያደረገ ዘገባ አቀረበ። ሰነዶቹ ከአንድ የሕክምና ተቋም አጠገብ መሬት ላይ ተገኙ የተባሉ ሲሆን፣ ጣቢያው 3,000 ዶላር ከፍሎባቸው ነበር። ፖሊስ ገባበት፤ ሰነዶቹን የሸጠችው ሴት ተከሰሰች፤ ተጫዋቾች ለጣቢያው ቃለ መጠይቅ አንሰጥም ብለው አደሙ። አንድ ዘገባ ጣቢያውን ከእነዚያ ሁሉ የዜና ምንጮች ጋር ሲያቆራርጠው አስቡት። ከዚያ ዘመን የተረፈ ጋዜጠኛ የሰው የሕክምና ወረቀት በኢሜይል ሲደርሰው የመጀመሪያ ሥራው የሕግ ክፍሉን መጥራት ነው። ስለዚህ የሌላ ሰው የጤና መዝገብ ከሆነ አትላከው። ሰነዱ መኖሩን ንገረው፤ ምን ማድረግ እንደሚቻል ራሱ ይጠይቅ።

ስም ማጥፋትም በደብዳቤው ይጀምራል። በአውስትራሊያ ሕግ አንድን ሰው የሚያዋርድ ነገር ለሌላ ለአንድ ሰው መንገር ብቻውን እንደ ማሳተም ሊቆጠር ይችላል። ከ2021 ወዲህ በቪክቶሪያ ከሳሹ በስሙ ላይ ከባድ ጉዳት መድረሱን ማሳየት ስላለበት ትንንሽ ክሶችን ማቅረብ ከብዷል እንጂ፣ «አሠልጣኙ ሌባ ነው» ብሎ መጻፍ አሁንም አደገኛ ነው። መፍትሔው ሰዋስው ውስጥ አለ፦ ያየኸውን «አየሁ»፣ የሰማኸውን «ከእገሌ ሰማሁ»፣ የገመትከውን «እገምታለሁ» ብለህ ለይ። «የሰኔው ሂሳብ ለአባላት አልቀረበም፤ በስብሰባው ላይ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከስድቡ ይልቅ የጋዜጠኛውን ጆሮ ያቆማል።

ዝም ካለስ?

አብዛኛው ሐሳብ መልስ አያገኝም። ይህ ስድብ አይደለም፤ በቀን የሚደርሰው መልእክት ብዛት ነው። በሳምንቱ አንድ አጭር ማስታወሻ መላክ የተለመደ ነው፤ ሦስተኛው ግን ያስቆጣል። የሰጠኸው ቀን ካለፈ ወደ ሌላ መውሰድ ነጻነትህ ነው፤ መውሰድህንም በአንድ መስመር አሳውቀው። ለሜዳ መብራት ዓይነቱ ጉዳይ የአካባቢ ጋዜጣ ከአገር አቀፉ ፈጥኖ ሊያነሳው ይችላል። ጉዳዩ የማኅበረሰባችን ከሆነ ደግሞ የሕዝብ ማሰራጫ ጣቢያው የኤስቢኤስ የአማርኛ ክፍል አለ፤ በዚያ የተላለፈን ነገር የእንግሊዝኛው ጋዜጠኛ ሊሰማው ስለማይችል፣ ማገናኛውንና አጭር የእንግሊዝኛ ማጠቃለያ መላክ ሁለተኛ ዕድል ይፈጥራል።

እሺ ካለ፣ ከዚያ በኋላ ታሪኩ የእርሱ ነው። ሌላውን ወገን ይጠይቃል፤ የሥነ ምግባር ደንቡ ምላሽ የመስጠት ዕድል እንዲሰጥ ያዝዘዋልና፤ የሌላው ወገን መልስ ካንተ ቃል በላይ ቦታ ሊይዝም ይችላል። ረቂቁን ከመታተሙ በፊት ለማየት ብትጠይቅ በአብዛኛው አይፈቀድልህም፤ የራስህን ጥቅስና የስሞችን አጻጻፍ እንዲያረጋግጥልህ መጠየቅ ግን ያስኬዳል። የእኛ ስሞች በእንግሊዝኛ ፊደል በአራት መንገድ ስለሚጻፉ ይህን በቸልታ አትለፈው፤ ስሞቹን ጻፍና ላክለት። ርዕሱን የሚያወጣው እርሱ ሳይሆን የጋዜጣው የአርትዖት ዴስክ ነው፤ ርዕሱ ካናደደህ መጀመሪያ የሚወቀሰው ሌላ ሰው መሆኑን እወቅ።

እውነተኛ ስህተት ከታተመ በቀጥታ ለጋዜጠኛው ደውል፤ በኢንተርኔት ያለው ጽሑፍ በዚያው ቀን ሊታረም ይችላል። ካልታረመ ለአርታኢው በጽሑፍ አመልክት። ከዚያም ወዲያ ለጋዜጣ የአውስትራሊያ ፕሬስ ካውንስል፣ ለቴሌቪዥንና ለሬዲዮ ደግሞ ኤሲኤምኤ የተባለው የመንግሥት ተቆጣጣሪ አለ፤ ሁለቱም መጀመሪያ ራሱን የዜና ተቋሙን ጠይቀህ እንደሆነ ስለሚጠይቁህ፣ የላክኸውን ደብዳቤ ቅጂ ከነቀኑ አስቀምጥ።